ጥርስን በሚዛን የፈተነ ሰው

ጥርሱን ያመመውን ሰው ምን ሆነህ ነው ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መልስ ተመሳሳይ ነው። ጥርሴ ከተፈጥሮው ለስላሳ ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው ይላችኋል። ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ይሄ አባባል እኛ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የነበሩ የተማሩ የጥርስ ሐኪሞችም በየጉባኤያቸው የሚናገሩት፣ በየመጽሔታቸው የሚጽፉት ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ከመካከላቸው አንድ ሰው ተነስቶ፣ ጥርሱ እውነት ለስላሳ ከሆነ እስቲ እንለካው ማለቱ ነው።

ይህ ሰው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ይባላል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት እያሉ ይጠሩታል። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ጥርስ ሐኪም ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ታሪኩን የመረጥኩት ስለ ጥርስ ብዬ ብቻ አይደለም። ሁሉም ሰው እውነት ነው ብሎ የተቀበለውን ወሬ እንዴት መመርመር እንደሚቻል በሕይወቱ ስላሳየ ነው። ዛሬ የጥርስ መሙያም ሆነ ማጣበቂያ፣ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ሥርም ቢሆን ወደ ሰው አፍ ከመግባቱ በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ በማሽን ይጨመቃል፣ ይጎተታል፣ ይጫናል። የዚህ አሠራር መነሻ ሲፈለግ ብላክ የሠራቸው መሣሪያዎች ጋ መድረስ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገበሬው ልጅ

ብላክ የተወለደው ኦገስት 3 ቀን 1836 በኢሊኖይ ግዛት፣ ዊንቸስተር ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በገጠር ሲሆን የመደበኛ ትምህርት ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነበር። ከክፍል ይልቅ ጫካና ወንዝ ይስበው ነበር ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሐኪም ወደነበረው ታላቅ ወንድሙ ወደ ቶማስ ዘንድ ሄዶ ከእሱ ጋር እየኖረ ሕክምና ማጥናት ጀመረ።

በ1857 ስፒር ከሚባል የጥርስ ሐኪም ጋር ተገናኘ። የተማረው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንቸስተር ተመልሶ የራሱን ሥራ ከፈተ። ያኔ ዕድሜው ሃያ አንድ ገደማ ነበር፤ ማለትም የብዙዎቻችን እኩያ ነው። በዛሬ ዓይን ስናየው ይህ ድፍረት ይመስላል፤ በዘመኑ ግን እንግዳ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በባልቲሞር ከተከፈተ (1840) ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። አብዛኛው የጥርስ ሐኪም ሙያውን የሚማረው እንደ አንጥረኛ ወይም እንደ ልብስ ሰፊ ከአንድ ባለሙያ ሥር ተቀምጦ እያየ ነው። ጌታው ያመነውን ተማሪው ያምናል፣ ጌታው የተሳሳተውን ተማሪውም ይሳሳታል።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ብላክ በሰሜኑ ጦር ውስጥ ቃኚ ሆኖ ዘመተ። ጉልበቱን ተጎድቶ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ከጦሩ ተሰናበተ። በ1864 ጃክሰንቪል ወደምትባል የኢሊኖይ ከተማ ሄዶ ሥራውን እንደገና ጀመረ። እንግዲህ ቁም ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ቀን ቀን በሽተኛ ያያል፣ ማታ ማታ ኬሚስትሪ ያነባል፣ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፣ በገዛ እጁ መሣሪያ ይሠራል። በእግር እየተረገጠ በገመድ የሚሽከረከር የጥርስ መቦርቦሪያ ሠርቷል። ዲግሪው እንኳ ከሥራው በኋላ የመጣ ነው። የሚዙሪ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1877 ሲሆን በዚያን ጊዜ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ያስተምር ነበር።

የአማልጋም ጦርነት

ብላክ ያደረገውን ለመረዳት በዘመኑ የነበረውን ጭቅጭቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላው በምንድን ነው? ገንዘብ ላለው ሰው ስስ የወርቅ ቅጠል እየተጠቀጠቀ ይሞላለታል። ይህ ሥራ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ለድሃው የቀረው ምርጫ አማልጋም ነው። አማልጋም ማለት የብርና የሌሎች ማዕድናት ብናኝ ከባዜቃ (ሜርኩሪ) ጋር ሲቀላቀል የሚገኝ ነገር ነው። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ጥርሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ይደርቅና ይጠነክራል።

ይህንን ነገር በ1833 ወደ ኒውዮርክ ይዘው የመጡት ክራውኩር የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ትልቅ ማስታወቂያ አስነግረው ብዙ ሰው ሰበሰቡ። ችግሩ የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል በደንብ ሳያጸዱ መሙላታቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሙሌቱ የሚወድቅበት፣ ጥርሱ የሚሰነጠቅበት ሰው በዛ። ሰዎቹም ከተማውን ጥለው ሄዱ፤ አማልጋም ግን እዚያው ቀረ፤ ጠቡም እንደዚሁ። በ1845 የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ በአማልጋም ላለመጠቀም ቃል እንዲገቡ አስገደደ። እምቢ ያለው ተባረረ። ማኅበሩ ራሱ በዚሁ ጠብ ተዳክሞ በ1856 ፈረሰ። ይህ ዘመን በታሪክ የአማልጋም ጦርነት ተብሎ ይጠራል።

የሚገርመው የሁለቱም ወገን ምስክርነት ነው። አንዱ ሐኪም በአማልጋም የሞላሁት ጥርስ ይኸው ሃያ ዓመት ቆየ ይላል። ሌላው ያንኑ ስም ያለውን አማልጋም ተጠቅሜ ጥርሱ በዓመቱ ተሰነጠቀ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የዓይን ምስክር ከዓይን ምስክር ሲጋጭ ምን ይደረጋል? የዘመኑ ሐኪሞች ያደረጉት ነገር ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ነበር።

እርግጥ ከብላክ በፊትም ለመለካት የሞከሩ ነበሩ። እንግሊዛዊው ጆን ቶምስ፣ ከእሱም በኋላ ልጁ ቻርልስ ቶምስ አማልጋም ሲደርቅ መጠኑ እንደሚለወጥ ለማወቅ ሙከራ አድርገዋል። ፊላደልፊያ ላይ ደግሞ ፎስተር ፍላግ የተለያዩ ቅልቅሎችን ፈትኗል። ብላክ ይህን ጅምር ነው አንስቶ እስከ መጨረሻው የገፋበት።

ንክሻ ስንት ኪሎ ነው?

በ1890ዎቹ ብላክ ራሱን የጠየቀው ጥያቄ ለሕፃን የሚቀርብ ይመስላል። አንድ መሙያ ጠንካራ ነው የሚባለው ምን ያህል ሸክም ሲችል ነው? ይህን ለመመለስ በቅድሚያ ሰው ሲነክስ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ መታወቅ አለበት። ኃይሉ ካልታወቀ ጠንካራ የሚለው ቃል ባዶ ነው።

ስለዚህ ጥርስ መካከል ገብቶ የንክሻን ኃይል የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ስሙ ናቶዳይናሞሜትር ይባላል፤ በቀላል አማርኛ የንክሻ ሚዛን ልንለው እንችላለን። ብዙ ሰዎችን እያስነከሰ መዘገበ። በኋለኛዎቹ ጥርሶች ላይ ያገኘው አማካይ ኃይል ወደ 170 ፓውንድ ይጠጋል። ወደ ኪሎ ስንለውጠው 77 ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ሰው የሚመዝነውን ያህል ማለት ነው። ከዚህም ጋር አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ንክሻውን የሚያቆመው ጡንቻው ስለደከመ አይደለም። ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ ስለሚያመው ነው። ይህ ሥጋ ጤነኛ በሆነ መጠን ንክሻው ይበረታል፤ በታመመ መጠን ደግሞ ትልቅ ጉልበት ያለው ሰው እንኳ ለመንከስ ይፈራል።

እዚህ ላይ አላቆመም። ለማኘክ የሚያስፈልገው ኃይልስ ስንት ነው ብሎ ሌላ መሣሪያ ሠራ። ይሄኛው ሥጋውንና ሌላውን ምግብ ለመጨፍለቅ የሚጠይቀውን ኃይል የሚለካ ነው። ቀጥሎ ከእውነተኛ ጥርስ፣ ከኢናሜሉ ሥር ካለው ዴንቲን ከሚባለው አካል ትናንሽ ኪዩቦች ቆርጦ በሚጨፈልቅ ማሽን ውስጥ አስገባ። ስንት ሲሸከም እንደሚሰበር መዘገበ። ክብደቱንና እፍጋቱን ለካ። በውስጡ ያለውን የካልሲየም ጨው መጠን ለየ።

ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ለስላሳ ናቸው የሚባሉት፣ ቶሎ የሚበሉት ጥርሶችና ጠንካራ የሚባሉት ጥርሶች በጨው መጠንም ሆነ በእፍጋት ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። ልዩነት ባለበትም ቦታ ቢሆን ጥርሱ ከመበላቱ ጋር ግንኙነት አልታየም። ለስንት ዘመን ሐኪሙ በሽተኛው ጥርስ ላይ ጥፋቱን ሲጥል የነበረበት ምክንያት በሚዛን ላይ ሲቀመጥ አልተገኘም።

ይሄ ነገር ቀላል አልነበረም። ጥርሱ ለስላሳ ስለሆነ ነው ሙሌቱ የወደቀው የሚል ሐኪም ራሱን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣል። ብላክ ይህንን መሸሸጊያ ነው የነሳው። ጥርሱ ጥፋተኛ ካልሆነ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ሦስት ናቸው። መሙያው፣ የሐኪሙ እጅና በአፍ ውስጥ ያለው ሁኔታ። በዚያው ዘመን በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በአፍ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከምግብ አሲድ እየሠሩ ጥርስን እንደሚያሟሙ አሳይቶ ነበር። ብላክም በጥርስ ላይ ስለሚለጠፈው የተሕዋስያን ሽፋን ጽፏል። እንግዲህ ነገሩ ከተፈጥሮ ዕጣ ወጥቶ ወደ ጽዳትና ወደ ሥራ ጥራት መጣ ማለት ነው። በርግጥ የዛሬ ሳይንስ የዘር ድርሻ ፈጽሞ የለም አይልም። ግን ጥርሴ ለስላሳ ነው ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ መሠረት እንደሌለው ያኔ ነው የታየው።

ሁለቱም ምስክሮች ለምን ልክ ሆኑ?

ቀጥሎ አማልጋሙን ያዘ። የሚደርቀው አማልጋም ምን ያህል እንደሚሰፋ ወይም እንደሚኮማተር የሚለካ ማይክሮሜትር ሠራ። መሣሪያው ከፀጉር ውፍረት በእጅጉ ያነሰ ለውጥ ማሳየት የሚችል ነበር። ለምን ይሄን ያህል ጥቃቅን ነገር ውስጥ ገባ ብትሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙሌቱ ከሚገባው በላይ ከሰፋ ጥርሱን ያስጨንቃል፤ አለዚያም ከጉድጓዱ እያበጠ ይወጣል። ከተኮማተረ ደግሞ በጥርሱና በሙሌቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በዓይን የማይታየው ክፍተት ለተሕዋስያን ሰፊ በር ነው። ላዩ ያማረ ሙሌት ሥሩ እየበሰበሰ ይቀጥላል።

ብላክ ብሩ ሲበዛ ቅልቅሉ ወደ መስፋት፣ ቆርቆሮው ሲበዛ ደግሞ ወደ መኮማተር እንደሚያደላ አሳየ። ሁለቱን በማመጣጠን ከሁለት ሦስተኛ የማያንሰው ብር፣ ከቀረው አብዛኛው ቆርቆሮ የሆነ፣ ሌሎች ማዕድናት በጥቂቱ የሚገቡበት ቅልቅል ላይ ደረሰ። ከዚህ ሌላ አማልጋም በማያቋርጥ ሸክም ሥር ሲቆይ ቀስ በቀስ ቅርጹን እንደሚለውጥ፣ እንደሚፈስ ለካ። በአንድ ምት ያልተሰበረ ነገር በብዙ ቀን ጫና ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን የገረመኝ ግኝቱ ይሄኛው ነው። አንድ ዓይነት ቅልቅል፣ አንድ ፋብሪካ የሠራው፣ ትናንት የተፈጨውና ብዙ ቆይቶ የተቀመጠው አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። አዲስ የተፈጨው ብናኝ ሲቀመጥ ወይም ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጣል፣ የመስፋት መጠኑም ይለያያል። የአርባ ዓመቱ ጭቅጭቅ ግማሽ መልስ እዚህ ጋ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ያንኑ ስም ያለውን ዕቃ ተጠቅመው የተለያየ ነገር ያዩት አንዱ ስለዋሸ አይደለም። ዕቃው በስም አንድ፣ በጠባይ ሁለት ስለነበረ ነው። ይህንን ማንም በክርክር ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ብላክ ውጤቱን ከ1895 ጀምሮ ዴንታል ኮስሞስ በተባለው የሙያ መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣው። መሣሪያው እንዴት እንደተሠራ፣ ፈተናው እንዴት እንደተካሄደ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ዘርዝሮ ነው የጻፈው። ማለትም ያላመነው ሰው ሄዶ እሱ ራሱ መለካት ይችላል። እኔ የማነሳው ጉዳይም ይሄ ነው። ታላቅ ሐኪም ስለሆንኩ እመኑኝ የሚል ሰው ብዙ ነበር። ራሳችሁ ፈትኑት የሚል ግን ጥቂት ነው።

ቃልንም ለካ

ብላክ የለካው ዕቃ ብቻ አይደለም። ቃልንም ሥርዓት አስይዟል። በዘመኑ የጥርስን ጎኖች አንዱ ሐኪም በአንድ ስም ሲጠራ ሌላው በሌላ ይጠራ ነበር። መሣሪያዎችም የሚታወቁት በሠራቸው ሰው ስም ነው። ብላክ ስያሜው አንድ ወጥ እንዲሆን ለፋ። የእጅ መሣሪያዎችን ስፋት፣ ርዝመትና ማዕዘን በቁጥር የሚገልጽ ዘዴ አወጣ፤ ቁጥሩን ያየ ሰው መሣሪያውን ሳያየው መሥራት ይችላል። የተቦረቦሩ ጥርሶችንም እንደሚገኙበት ቦታ ከአንድ እስከ አምስት በክፍል መደባቸው። ይህ አመዳደብ ዛሬም በየጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ይሰጣል።

በ1891 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ ከ1897 ጀምሮም እስኪሞት ድረስ በዲንነት መራው። በ1908 ስለ ጥርስ አሞላል የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ለብዙ ትውልድ የመማሪያ መጽሐፍ ሆነ። በ1910 በሚለር ስም የተሰየመው ዓለም አቀፍ ሽልማት መጀመሪያ የተሰጠው ለእሱ ነው።

ታዲያ ሁሉም ያለው ነገር ልክ ነበር ማለት አይደለም። ብላክ ሲያስተምር የኖረው አንድ መመሪያ አለ። ጉድጓዱ ሲሞላ አጠገቡ ያለውም ጤነኛ የጥርስ ክፍል ወደፊት እንዳይበላ አብሮ ይቆረጥ የሚል ነው። በዘመኑ መሙያው ከጥርስ ጋር የማይጣበቅ፣ ፍሎራይድም የማይታወቅ ስለነበር ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን ይህ መመሪያ ተትቷል። ጤነኛውን ጥርስ በተቻለ መጠን መንካት የለብንም ነው የሚባለው። ልብ በሉ፣ መመሪያውን ያፈረሱት ሰዎች ያፈረሱት እሱ ባስተማረው መንገድ፣ ማለትም እየለኩ ነው።

የኮሎራዶው ቡናማ ጥርስ

በሕይወቱ መጨረሻ ላይ የገጠመው ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄዶ ሥራ ሲጀምር የአገሬው ተወላጆች ጥርስ ላይ ቡናማ ቀለም አየ። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም። ለብላክ ደብዳቤ ጻፈለት። ብላክ መጀመሪያ ይህን ያህል ተስፋፍቶ እስከዛሬ ሳይጻፍ ቀረ ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር፤ ጥናት ቀረበለት። እዚያው ከተወለዱት ልጆች ዘጠና በመቶ በሚጠጉት ላይ ቀለሙ ይታያል። በ1909 በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜው ገደማ እሱ ራሱ ኮሎራዶ ሄደ።

ሁለቱ ሰዎች ለስድስት ዓመት አብረው ሠሩ። ቀለሙ የሚይዘው ጥርስ ገና በሚሠራበት በልጅነት ዕድሜ እንደሆነ አወቁ። ከዚህ በላይ ደግሞ ያልጠበቁትን አዩ። ቀለም የያዘው ጥርስ አይበላም፤ ለመበስበስ አስቸጋሪ ነው። መንስኤውን ግን ብላክ ሳያየው ሞተ። በ1931 የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል በውሃው ውስጥ ከፍተኛ ፍሎራይድ እንዳለ አገኘ። ነገሩ ተፈታ። ጥቂቱ ፍሎራይድ ጥርስን ከመበላት ይጠብቃል፣ ብዙው ግን ቀለም ያስይዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል።

ይህንን ስታነቡ ከወንጂ፣ ከመቂ ወይም ከዝዋይ አካባቢ የመጣ የክፍል ጓደኛችሁን ሳታስታውሱ አትቀሩም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ የሚጠጣ ሕዝብ አለን። ሰው ግን ጥርሱ የጠቆረ ልጅ ሲያይ ጥርሱን አይፋቅም ብሎ ይፈርዳል። ልጁም እጁን አፉ ላይ አድርጎ መሳቅ ይለምዳል። ኮሎራዶ ላይ ጥፋቱ ከልጆቹ ላይ ወርዶ ውሃው ላይ ያረፈው ሰዎች ሄደው ስላጣሩ ነው።

ከእሱ በኋላ

ብላክ ኦገስት 31 ቀን 1915 በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። በ1918 ቺካጎ ውስጥ በሊንከን ፓርክ ሐውልት ቆመለት። ልጁ አርተር ብላክም በዚያው ትምህርት ቤት ዲን ሆኖ ሠርቷል። ትምህርት ቤቱ በ2001 ተዘግቷል።

ሥራው ግን ከሱ ጋር አልተቀበረም። በ1919 የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ የሚገዛው አማልጋም የትኛው እንደሚሻል እንዲለይለት የአገሪቱን የመለኪያዎች ቢሮ ጠየቀ። ዊልመር ሳውደር የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ ፈተናውን መርቶ በቀጣዩ ዓመት ውጤቱን አወጣ። ገበያ ላይ በነበሩት ዕቃዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነበር። ከዚህ ተነስቶ ለአማልጋም የመጀመሪያው የጥራት ደረጃ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሻጩ ጥሩ ነው ስላለ ብቻ የሚገዛበት ዘመን እያበቃ መጣ።

በ1955 ማይክል ቡኦኖኮር ኢናሜልን ለአጭር ጊዜ በፎስፎሪክ አሲድ ቢያሻክሩት ሙጫ መሰል ነገር በደንብ እንደሚይዘው አሳየ። የዛሬው የጥርስ ማጣበቂያ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። በ1965 ደግሞ ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የቲታኒየም ሥር በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለ። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር አንድ ላይ እንደሚያድግ ደርሶበት ነበር። እነዚህ ሁለት ግኝቶች የጥርስ ሕክምናን ለወጡት። ሁለቱንም ግን ያው የድሮው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ ስንት ይሸከማል?

የሚተከለውን ጥርስ ለመፈተን ISO የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 14801 የሚል ደረጃ አውጥቷል። ሥሩ በቀጥታ ሳይሆን በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሠራል፤ ምክንያቱም ሰው ሲያኝክ ጫናው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይወርድም። አጥንቱ በጊዜ ብዛት ቢሸሽስ ተብሎም 3 ሚሊሜትር ያህሉ ከመያዣው ውጭ እንዲቀር ይደረጋል። ከዚያ ማሽኑ እያነሳ እየጫነ እስከ አምስት ሚሊዮን ጊዜ ይመታዋል። ይሄ ብላክ በአማልጋም ላይ ያየው ነገር ነው፤ በአንድ ምት የማይሰበር በድግግሞሽ ይደክማል። ማጣበቂያው ደግሞ በተነቀለ ጥርስ ላይ ይለጠፍና በ5 እና በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ እየተፈራረቀ ይነከራል፤ ቀዝቃዛ መጠጥና ትኩስ ሻይ እንደማለት ነው። በመጨረሻም ተጎትቶ ወይም ተገፍቶ ስንት ላይ እንደሚላቀቅ ይመዘገባል።

ላቦራቶሪ አፍ አይደለም። ምራቅ የለውም፣ ተሕዋስያን የሉትም፣ ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የለበትም። የአንዱ ላቦራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር የማይገጥምበት ጊዜም ብዙ ነው፤ የጥርሱ ዓይነት፣ የቆየበት ጊዜ፣ የሚጎትተው ማሽን ፍጥነት ሁሉ ውጤቱን ይለውጠዋል። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። እንዴት እንደተለካ አብሮ መነገር አለበት። ብላክ በ1895 ያንን ሁሉ ዝርዝር የጻፈው ለዚህ ነው።

አማልጋሙ ራሱ አሁን እየተሰናበተ ነው። በውስጡ ባለው ሜርኩሪ ምክንያት በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲቀንስ አድርጓል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ከልክሎታል። ብላክ ዕድሜውን የጨረሰበት ዕቃ ወደ ታሪክ እየሄደ ነው ማለት ይቻላል። የፈተነበት መንገድ ግን የሚተኩትን ዕቃዎች እየፈተነ ይገኛል።

እኛስ? በየቀኑ ጠንካራ፣ አስተማማኝ፣ ተወዳዳሪ የሌለው የሚሉ ቃላት ከማስታወቂያና ከጋዜጣዊ መግለጫ ይደርሱናል። ብዙ ጊዜ እንዳለ ገልብጠን እንጽፋቸዋለን። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ዓይነት መግለጫ ሲሰጠን ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ ስንት ጊዜ ለካው ብለን ብንጠይቅ መግለጫውን የሰጠን ሰው ቅር ይለው ይሆናል። የብላክም ጓደኞች ቅር ብሏቸው የነበረ ይመስለኛል። ጥርሱን ሊያስሞላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ድሃ ግን የተጠቀመው በዚያ ጥያቄ ነው።